አያ ጅቦ፣ ውሃውን ማን አደፈረሰው?

ተረቷን የማያውቃት የለም። አያ ጅቦ ከወንዙ ላይኛው በኩል፣ እመት አህያ ደግሞ ከታችኛው በኩል ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። አያ ጅቦ አንገቱን ቀና አደረገና “አንቺ፣ ምነው ውሃውን ታደፈርሺብኛለሽ?” አላት። እመት አህያ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ማስረዳቱም ዋጋ እንደሌለው ገብቷታል። “አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ” ብላ ገላገለችው።

እኔ ይቺን ተረት የማስታውሳት በየዓመቱ ሰኔ ግም ሲል ነው። የመጀመሪያው ዶፍ ይወርዳል፤ መንገዱ ወንዝ ይሆናል፤ ታክሲው ይቆማል፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሻገራለን። በማግስቱ ሬዲዮ ስንከፍት ጥፋተኛው ታውቋል። ኅብረተሰቡ ቆሻሻ በየዲቹ ስለሚጥል ነው። የወንዝ ዳር ነዋሪ ወንዙን ስለሚበክል ነው። ጉሊት የምትቸረችረዋ እናት፣ ፌስታል የጣለው ልጅ፣ ወንዝ አፋፍ ላይ ላስቲክ ወጥሮ የሚኖረው አባወራ ተራ በተራ ይወቀሳሉ። ልብ በሉ፣ ሁሉም ከታች ያሉ ናቸው።

ይሄኔ ነው “አያ ጅቦ!” ማለት የሚያምረኝ።

ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። ፌስታል ዲች ውስጥ መጣል ነውር ነው፤ በዚህ አንከራከርም። የዛሬው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጣሪያውን፣ አስፋልቱን፣ ጋራዡንና ሽንት ቤቱን አጥቦ ወደ ወንዝ የሚወርደው ጎርፍ ራሱ ከባድ ብክለት ነው። ፋብሪካ በቱቦው ለሚለቀው ፍሳሽ ሕግ አለን፣ ተቆጣጣሪ አለን፣ ቅጣት አለን። ከተማው በሺህ ዲች ለሚለቀው ግን የሚጠየቅ አንድ ሰው የለንም። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ከተማው ራሱ እንደ ፋብሪካ ይቆጠር፤ እንደ ፋብሪካም ይጠየቅ።

ከእንጦጦ እስከ አፋር

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አቃቂ ስንደርስ ወደ 2,100 ሜትር አካባቢ እንወርዳለን። በአንድ ከተማ ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ማለት ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የዘነበ ዝናብ እዚያው አያድርም። በየጉራንጉሩ ወርዶ ቀበናን፣ ግንፍሌን፣ ቁርጡሜን፣ ባንተይቀጡን ይሞላል። እነዚህ ሁሉ ተሰባስበው ትልቁንና ትንሹን አቃቂ ይሠራሉ። ሁለቱ አቃቂዎች ደግሞ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ።

አባ ሳሙኤል እንደዋዛ የምንጠራው ስም አይደለም። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ሐይቁ ግን የከተማውን ጉድ ሁሉ ተቀባይ ሆኖ ነው የኖረው። እምቦጭ አረም ሲወረው የምናየውም ስለዚሁ ነው፤ አረሙ የሚወፍረው ከኛ ሽንት ቤትና ቆሻሻ በሚሄድለት ምግብ ነው። አባቶች “ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ” ሲሉ ይሄኛውን እምቦጭ ማለታቸው አልነበረም። ቢያዩት ኖሮ ግን ተረቱን የሚለውጡት አይመስለኝም።

ከአባ ሳሙኤል በኋላ ውሃው አዋሽ ነው። ከዚያ ቆቃ። የአዳማ ሕዝብ የሚጠጣውን የሚቀዳው ከአዋሽ ነው። ከዚያ ደግሞ ስኳር እርሻው፣ አትክልቱ፣ ግመሉ፣ ከብቱ። አዋሽ እንደሌሎቹ ወንዞች ባሕር አያይም። አፋር ምድር ውስጥ ገብቶ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ “ውሃ ይወስደዋል” ስንል የት ነው የሚወስደው ብለን እንጠይቅ። ባሕር የለም። ያደፈረስነውን የሚጠጣው የራሳችን ሰው ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በአቃቂ ወንዝ ዳርና ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በመስኖ ይለማል። በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ገበሬው ምን ያድርግ? ያለው ውሃ ያ ነው። ቆስጣው ግን በጠዋት ተጭኖ ወደኛው ሳህን ይመለሳል። በአንድ ዙር ጎርፍ የላክነውን በሌላ ዙር በወጥ መልክ እንረከባለን።

የአንድ ጣሪያ ሒሳብ

ሒሳብ የማትወዱ አትሽሹ፤ ቀላል ናት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት ላይ 30 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ 3,000 ሊትር ማለት ነው። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 15 ጊዜ ይሞላል። ከአንድ ቤት! ከአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ!

አሁን ከተማውን እንቁጠር። አዲስ አበባ ወደ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። በሁሉም ቦታ እኩል 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ጣለ እንበል። ከሰማይ የወረደው ውሃ ከ5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። ለማነጻጸር ያህል፣ ተስፋፍቶ የተገነባው የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ የማጣራት አቅሙ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነው። የአንዱን ቀን ዝናብ ብቻ እናጣራ ብንል ቃሊቲ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ከ52 ቀን በላይ ይፈጅበታል። በእርግጥ የዘነበው ሁሉ አይፈስም፣ ዝናብን በቃሊቲ እናጣራ የሚልም የለም። ልል የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ጎርፍን ከቆሸሸ በኋላ ማጽዳት የማይታሰብ ነው። መፍትሔው ሳይቆሽሽ፣ ሳይጠራቀምና ሳይፈጥን መያዝ ብቻ ነው።

አፈርና ሣር ዝናብን ይጠጣሉ። አስፋልት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ አይጠጡም። ከተማችን ደግሞ ከዓመት ዓመት ሣሯን እየገፈፈች ሲሚንቶ እየለበሰች ነው። ግቢው ሁሉ ሊሾ ሆኗል። ዱሮ ግቢው ውስጥ ሰርጎ ይቀር የነበረው ውሃ ዛሬ በበር ስር ሾልኮ ወደ መንገድ ይወጣል። ከላይኛው ሰፈር ያለው ባለ ፎቅ ግቢውን ሊሾ ሲያደርግ፣ ከታችኛው ሰፈር ያለችው እናት ቤት ውስጥ ውሃ ይገባል። ባለ ፎቁ ግን ምንም ጥፋት እንደሠራ አያውቅም። ማንም አልነገረውማ!

ይሄ የግጥም ነገር አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ከሰዓት ጎርፍ የሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ጎርፍ የሚገድለው ዝቅ ብሎ የሚኖረውን ነው።

ዲቹ ውስጥ ምን አለ?

በወረቀት ላይ አዲስ አበባ ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሏት። አንደኛው የፍሳሽ መስመር ነው፤ ከመጸዳጃ ቤትና ከማድ ቤት የሚወጣውን ሰብስቦ ወደ ማጣሪያ ይወስዳል። ሁለተኛው የጎርፍ መስመር ነው፤ ዲቹ ማለት ነው። ዝናብን ብቻ ተቀብሎ ማጣሪያ ሳይነካ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይወስዳል። ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም።

በመሬት ላይ ግን ተጋብተው ልጅ ወልደዋል። የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ግቢ ሽንት ቤቱን በድብቅ ወደ ዲቹ ያገናኛል። ሌላው ደግሞ ጉድጓዱ ሲሞላ ለሚመጠው መኪና ከመክፈል ይልቅ ዶፍ ዝናብ ይጠብቅና ይለቀዋል። በዚህ ላይ ጎርፍ ወደ ማንሆል ይገባና የፍሳሽ መስመሩን ከአቅም በላይ ሞልቶ መንገድ ላይ ይገነፍላል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ያቺን የምታውቋትን ሽታ አስቡ። ማንም ሰው በልጅነቱ “ጎርፍ ውስጥ አትጫወት” ተብሎ የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ገብቶ ሰው ሰላጣ መብላት የፈራበትን ጊዜ የረሳን ካለን፣ የበሽታው መንገድ ይኸው ነው፦ ሽንት ቤት፣ ጎርፍ፣ ውሃ፣ አፍ።

ሽንት ቤት ብቻም አይደለም። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት የሚደፋው ዲቹ አፍ ላይ ነው። ላቫጆው መኪና ያጠበበትን ሳሙናና ግራሶ ወደ ዲቹ ይጠርገዋል። ፎቅ የሚሠራው ሰውዬ አሸዋና ጠጠሩን መንገድ ዳር ይከምረውና ግማሹን ዝናብ ይወስድለታል። ሥጋ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ፣ ሆቴሉ የየራሱን ያዋጣል። መስከረም ካለፈ ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ሲጠራቀም የከረመው የጎማ ብናኝ፣ ዘይትና ቆሻሻ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ይጠብቃል። ለዚህ ነው የክረምቱ መግቢያ ዝናብ ከሁሉም የከፋ የሚሆነው። የወራት እድፍ በአንድ ቀን ይታጠባል።

አሁን ደግሞ የምታስቀኝንና የምታናድደኝን ነገር ልንገራችሁ። ዲች ሲጠረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጆቹ በባዶ እጃቸው ማለት ይቻላል፣ ጥቁሩን ጭቃ በአካፋ እያወጡ ዲቹ ጠርዝ ላይ ይከምሩታል። እስኪደርቅ ነው ይባላል። መኪና መጥቶ ያነሳዋል ይባላል። መኪናው ሳይመጣ ዝናቡ ይመጣል። ጭቃው ተመልሶ ወደ ዲቹ ይገባል። ልጆቹ እንደገና ያወጡታል። አንድ ጭቃ ስንት ጊዜ ደሞዝ እንደተከፈለበት እግዜር ይወቀው!

“ጎርፍ ነው ወይስ ፍሳሽ?”

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ዲች ተደፍኖ ውሃው ወደየቤቱ መግባት ሲጀምር፣ ጋዜጠኝነት የተማርሽ አንቺ ነሽ ተባልኩና ወደየቢሮው ተላክሁ። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችሁም ቀምሳችሁታል። አንደኛው ቢሮ “ዲቹን የሠራነው እኛ አይደለንም” አለኝ። ሁለተኛው ቢሮ ያለው ሰውዬ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና “እህቴ፣ የሚፈሰው ጎርፍ ነው ወይስ ፍሳሽ?” ብሎ ጠየቀኝ። ጎርፍ ከሆነ እነሱን አይመለከትም። ፍሳሽ ከሆነ ደግሞ መስመሩ መጀመሪያ የፍሳሽ መስመር ስላልሆነ አይመለከታቸውም። በምን ልለየው? ልቅመሰው እንዴ? ሦስተኛው ቢሮ በወረዳ በኩል ደብዳቤ ይምጣ አለ። ደብዳቤው ሲጻፍ ጳጉሜ ደረሰ፤ ዝናቡም ቆመ። ጉዳዩ በዚሁ “ተፈታ”።

እንግዲህ ቢሮዎቹን መስደብ ቀላል ነው። ግን ሠራተኞቹ አልዋሹኝም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። የመንገድ ዳር ዲች መሥራት የመንገዶች ባለሥልጣን ድርሻ ነው። የፍሳሽ መስመርና ማጣሪያ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ደረቅ ቆሻሻ የጽዳት መሥሪያ ቤቱ ነው። ብክለትን መቆጣጠር የአካባቢ ጥበቃው ነው። ዲቹ ውስጥ ግን እነዚህ አራቱም ተደባልቀው ነው የሚፈሱት። ጎርፉ የሥልጣን ክፍፍል አያውቅም። መንገድ ሠሪው ውሃው መንገዱን እንዳያበላሽ ያስባል፤ ከዲቹ ጫፍ ወዲያ ወንዙ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ሥራው አይደለም። ዲቹ በሰፋና በለሰለሰ ቁጥር ቆሻሻው ወንዝ የሚደርሰው በፍጥነት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገድና አዳዲስ የጎርፍ መስመሮች ተሠርተዋል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል። ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር እንደሚለማ ተነግሮን ነበር። ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት ራትም ተበልቶበታል። ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ማኪያቶ መጠጣት ማን ይጠላል? ግን ጥያቄዬ አንዲት ናት፦ ዳርቻውን አስውበን ውሃው ጥቁር ሆኖ ከቀጠለ ያስዋብነው ምኑን ነው? ወንዝ ማለት ዳሩ አይደለም፤ ውሃው ነው።

ሕጉስ?

ሕግ የለንም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቷል። የፋብሪካ ብክለትን ለመከላከል በ2001 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 159 ወጥቶ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት መዘጋጃ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንዝ የሚበክለውን በከባድ ገንዘብ የሚቀጣ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሌላ ሰው ነው። ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ሆቴሉ፣ ወደ ነዋሪው። ከተማው ቀጪ እንጂ ተቀጪ ሆኖ አይታይም። የ1995ቱ አዋጅ የከተማ አስተዳደሮች የከተማ ቆሻሻን የመሰብሰብና በአግባቡ የማስወገድ ግዴታ እንዳለባቸው በግልጽ አስቀምጧል። ይህን ግዴታ ያልተወጣ ከተማ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ዝምታ ነው።

አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የሲቪክ ድርጅት የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለት ጉዳይ ላይ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት አቆመ። ቁጥጥሩን አልተወጣም ነው ክሱ። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዝ ብክለት መንግሥትን ፍርድ ቤት ማቆም ከባድ እንደሆነ ሁሉም ተማረ።

አሁን ብዙዎቻችን ዘመድ ወዳለን ከተማ ልውሰዳችሁ፤ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ። እዚያም ጉዳዩ ከኛ የተለየ አልነበረም። የከተማው አንድ ሦስተኛ ያህል በአሮጌ ቱቦ የሚጠቀም ነው። ጎርፍና ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ፤ ዝናብ ሲበዛ ተገንፍሎ አናኮስቲያ ወንዝ ውስጥ ይደፋል። የአሜሪካ ምክር ቤት ከፍ ብሎ ከሚታየው ጉልላት ብዙም ሳይርቅ! ልዩነቱ ቀጥሎ የመጣው ነው። የአካባቢው ማኅበራትና የፌዴራሉ መንግሥት የከተማውን የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 በፍርድ ቤት ስምምነት ከተማው ከመሬት በታች ግዙፍ ዋሻዎች ሠርቶ ጎርፉን እንዲያጠራቅምና ወደ ማጣሪያ እንዲልክ ግዴታ ገባ። የአናኮስቲያው ዋሻ በ2023 ተጠናቀቀ። ከተማ ተከሰሰ፤ ከተማ ከፈለ።

የአሜሪካው የንጹሕ ውሃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ ዋነኛ ዒላማው እንደኛው ፋብሪካ ነበር። በ1987 ሲሻሻል የዝናብ ጎርፍም ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ ትልልቅ ከተሞች፣ ቀጥሎም ትንንሾቹ፣ ለዲቻቸው እንደ ፋብሪካ ፈቃድ ማውጣት ግዴታቸው ሆነ። ፈቃድ ማለት ማኅተም ያለው ወረቀት ብቻ አይደለም። ወደ ወንዝ የሚደፋ እያንዳንዱን ቱቦ ካርታ ላይ አስቀምጥ፣ በድብቅ የተገናኘ ሽንት ቤት ፈልገህ ዝጋ፣ ግንባታ ያለበት ቦታ አፈሩን እንዳይለቅ ተቆጣጠር፣ የሠራኸውን በየጊዜው ሪፖርት አድርግ ማለት ነው። ዲሲ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ይከፈላል፤ ገንዘቡ ለወንዙ ማጽጃ ይውላል። ዘመዶቻችን በየወሩ በሚከፍሉት የውሃ ሒሳብ ላይም ውሃ ለማያሰርገው ጣሪያና ሲሚንቶ የሚከፈል አለ። ሊሾህ በሰፋ ቁጥር ክፍያህ ይጨምራል።

“እኛ እኮ ድሃ ነን”

ይሄ መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዋሽንግተን ቢሊዮን ዶላር አለው፤ እኛ ምን አለን? ልክ ነው፤ ከመሬት በታች ዋሻ ቆፍሩ አልልም። ግን ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ ስንቱ ነው ዶላር የሚጠይቀው?

ካርታ ዶላር አይጠይቅም። በየወረዳው ያሉ ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች ስልካቸውን ይዘው ወንዝ ለወንዝ ቢሄዱ፣ ወደ ቀበና የሚደፋው ቱቦ ስንት እንደሆነ፣ ዝናብ በሌለበት በጥር ወር የትኛው እንደሚፈስ መመዝገብ ይችላሉ። በጥር የሚፈስ የጎርፍ ቱቦ ካለ ጎርፍ አይደለም፤ የሆነ ሰው ሽንት ቤት ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃል።

የመጥረጊያ ወር መለወጥ ዶላር አይጠይቅም። ዲች የሚጠረገው በሐምሌ ጎርፍ መሐል ሳይሆን በሚያዝያና በግንቦት ይሁን። የወጣው ጭቃ በዚያው ቀን ይነሳ። ካልተነሳ እንዳልተጠረገ ይቆጠር፤ ክፍያም አይፈጸም።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ አንድ ጥያቄ መጨመር ዶላር አይጠይቅም፦ “ዝናቡን የት ልታደርገው ነው?” ትልቅ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ከጣሪያው የሚወርደውን በገንዳ ይያዝ፣ ከግቢው ጥቂቱን ሣርና ዛፍ ይተው። ደግሞስ እኛ ውሃ በፈረቃ የሚመጣልን ሰዎች አይደለንም? በሳምንት ሁለት ቀን ቧንቧ ስትመጣልን ሌሊት ተነስተን ሮቶና ጀሪካን እንሞላለን። በማግስቱ 15 በርሜል ውሃ ከጣሪያችን ወርዶ በነጻ ዲች ሲገባ በመስኮት እናያለን። እንደኛ ያለ ባለጸጋ ድሃ የት ይገኛል?

ሽንት ቤቱ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይሄን አልክድም። የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበትን ሰው “ለምን ዲች ውስጥ ለቀቅህ” ብሎ መቅጣት ብቻውን አያዋጣም። የሚመጠው መኪና በሰዓቱና በሚቻል ዋጋ ይምጣለት፤ መስመሩ ይድረሰው፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ይኑር፤ ከዚያ በኋላ ይቀጣ። አማራጭ ያልሰጡትን ሰው መቅጣት መልሶ የአያ ጅቦ ፍርድ ነው። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይምጣ ከተባለ ደግሞ፣ ብዙ ሲሚንቶ ያነጠፈው ብዙ ይክፈል። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያለው የገበያ ማዕከልና የቀበሌ ቤት ውስጥ በ20 ካሬ የምትኖር እናት ለጎርፉ እኩል አላዋጡም።

ከሁሉም በላይ ግን ባለቤት ይኑረው። “ጎርፍ ነው ወይስ ፍሳሽ?” የማይል፣ ዲቹን ከአፉ እስከ ወንዙ ድረስ የእኔ ነው የሚል አንድ መሥሪያ ቤት። በየዓመቱ ወንዙ ውስጥ የተገኘውን ለክቶ በይፋ ይለጥፍ። ፋብሪካው ከልኩ ካለፈ እንደሚጠየቀው፣ ይህ መሥሪያ ቤት ከልኩ ሲያልፍ ይጠየቅ።

እስከዚያው እኛስ? የ1995ቱን አዋጅ አንቀጽ 11 ፈልጋችሁ አንብቡልኝ። ጉዳት ደረሰብኝ ማለት ሳያስፈልገው ማንም ሰው ስለ ብክለት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችልም ያስቀምጣል። “ማንም ሰው” ማለት እናንተም ናችሁ፣ እኔም ነኝ። ሰፈራችሁ ውስጥ በጥር የሚፈስ የጎርፍ ቱቦ ካለ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ማመልከቻ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ቀሪው ላይ ማኅተም ይመታላችሁ። አንድ ሰው ቢያስገባ ፋይል ውስጥ ይተኛል። አምስት መቶ ሰው ቢያስገባ ግን የሚተኛበት ሳጥን አይገኝም።

አህያዋ ያልነበራት ይሄ ነው። ማመልከቻ የምታስገባበት ቦታ አልነበራትም። እኛ ቢያንስ በወረቀት ላይ አለን።

ክረምቱን በሰላም ያሻግረን። ቸር እንሰንብት!